እናቴን አሜሪካ አመጣኋት፤ ሐኪም ጋ መውሰድ ግን አበሳ ሆነብኝ

ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። ወላጆቻችሁን ያመጣችሁ ይገባችኋል።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ደም ግፊትም ስኳርም አለባት። ዜግነት ይዤ፣ ገቢዬ ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ በላይ መሆኑን በታክስ ወረቀት አሳይቼ፣ እኔ አስተዳድራታለሁ ብዬ ፈርሜ ነው ያመጣኋት። ያ ፊርማ ቀላል ነገር አይደለም። ዜጋ እስክትሆን፣ አለዚያም የ10 ዓመት ያህል ሥራ እስኪቆጠርላት ድረስ ያስረኛል። ይሁን! እናቴ ናት። ግን የሚያሳክመኝን በር አሳዩኝ!

ሜዲኬይድ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት ኢንሹራንስ ስጠይቅ «5 ዓመት ጠብቂ» ነው። በፈረንጆቹ 1996 የወጣ ሕግ ነው። በአንዳንድ ስቴት ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ይለቀቃል፤ ለእናቴ ዓይነቱ ግን በአብዛኛው ስቴት የለም። ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስስ? 65 ያለፈው ሁሉ የሚያገኘው ይመስለን ነበር። እሱም ለግሪን ካርድ ባለቤት 5 ዓመት እዚህ መኖርን ይጠይቃል። ከዚያም በኋላ እሷም ባሏም እዚህ ሠርተው ስለማያውቁ ለሆስፒታል ሽፋኑ ብቻ በወር ከ500 ዶላር በላይ ልትከፍል ነው። እስከዚያ ድረስ ስኳሩ ይጠብቃታል?

የቀረው ማርኬትፕሌስ ነው፤ የግል ኢንሹራንስ የሚገዛበት የመንግሥት ገበያ። እዚያ ዋጋው በዕድሜ ይጨምራል፤ ለትልቅ ሰው ከ21 ዓመት ወጣት እስከ ሦስት እጥፍ ማስከፈል ይፈቀዳል። ቀድሞ እንደሷ ገቢ የሌለው አዲስ የመጣ ሰው ከመንግሥት የክፍያ ድጎማ ያገኝ ነበር። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ያ ቀረ። በኔ ታክስ ላይ ሳስገባት ደግሞ የሚታየው የኔ ገቢ ነው፤ ድጎማው ይሳሳል። ለብቻዋ ስትቆም ግን ድጋፍ የተከለከለችው ገቢ ስለሌላት ነው። ይሄን ሕግ ያወጣ ሰው እናት የለውም?

ከዚያ የስም ጣጣ መጣ። «የእናትሽ ላስት ኔም ካንቺ ይለያል» አለችኝ የማርኬትፕሌስ ሠራተኛዋ ስልክ ላይ። አዎ፣ ይለያል። እኔ በአባቴ ስም እጠራለሁ፣ እሷ በአባቷ። እኛ ዘንድ ሴት ስላገባች ስሟን አትቀይርም። አስረዳሁ። ሌላ ሰው ላይ አዞሩኝ፤ እንደ አዲስ አስረዳሁ። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ቪዛ፣ አሜሪካ ስትገባ ማኅተም ከተመታበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል ብላቸው «ካርዱን ላኪ» አሉ። ካርዱ ገና በፖስታ አልደረሰም! እዚህ ስንጨቃጨቅ ደግሞ ቀኑ ይቆጠራል። አዲስ የገባ ሰው ለመመዝገብ ያለው 60 ቀን ብቻ ነው። ካለፈው የኖቬምበርን ምዝገባ ይጠብቃል፤ ሽፋኑም የሚጀምረው ከጃንዋሪ ነው።

በዚህ መሃል እናቴ ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው መድኃኒት እያለቀ ነበር። አንድ ማታ ኩሽና ስገባ የደም ግፊት ክኒኗን በሽንኩርት ቢላ ለሁለት ስትከፍል አገኘኋት። ግማሹን ዋጠች፣ ግማሹን በሶፍት ጠቅልላ ለነገ አስቀመጠች። «እኔ ደህና ነኝ ልጄ፣ ላስቸግርሽ አይደለም የመጣሁት» አለችኝ። አንጀቴ ነው የተቃጠለው።

የራሳችን ሰዎችም አሉ። «በወር ትንሽ ከፍለሽ ሙሉ ሽፋን» ብሎ የመጣ አንድ ሻጭ ነበር። ወረቀቱን ሳነበው የጎብኚ ኢንሹራንስ ነው። ቀድሞ የነበረ በሽታን አይሸፍንም ይላል፣ በደቃቅ ፊደል። ደም ግፊትና ስኳር ላለባት እናት ይሄን ሙሉ ሽፋን ብሎ መሸጥ ነውር ነው። ብዙ ሰው አምኖ እየከፈለ ነው፤ እውነቱን የሚያውቀው ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው።

እስካሁን የረዳን ኮሚዩኒቲ ሄልዝ ሴንተር፣ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነው። ክፍያው በገቢ ልክ ነው፤ ሐኪሟ መድኃኒቷን ጻፈችላት። እግዜር ይስጣቸው። ግን ስፔሻሊስት ቢያስፈልጋት፣ ማታ ድንገት ብትወድቅብኝ፣ ቢሉን የምከፍለው እኔ ነኝ።

ለቪዛው ስትመረመር የደረት ራጅ ተነስታለች፣ ክትባት ወስዳለች፣ በኤምባሲ መስኮት ቆማ ቃለ መጠይቅ አድርጋለች። ያኔ አንድ ገጽ በአማርኛ፣ «ከገባሽ በኋላ ለኢንሹራንስ 60 ቀን አለሽ» የሚል ወረቀት ቢሰጧት ምን ነበረበት? ስንት ቤተሰብ ይተርፍ ነበር! የወላጆቻችሁ ቪዛ የወጣላችሁ፣ እባካችሁ በገቡ ሳምንት ማርኬትፕሌስ ደውሉ። አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነፃ ነው። ያናገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ። ካርዱ አልደረሰም ብለው ሲመልሷችሁ ስልኩን ሳትዘጉ አለቃ ይቅረብልኝ በሉ።