ካሬው ስንት ነው?

በአዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱም ሆነ በኮዬ ፈጬ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው፣ የግድግዳው ቀለም ሳይደርቅ ግቢውን ኢንተርሎክ፣ ያን እርስ በርሱ የሚገጣጠም የኮንክሪት ድንጋይ፣ ማስነጠፍ ያምረዋል። አንድ ክረምት ሙሉ ጭቃ ተሸክሞ ሳሎን የገባ ሰው በዚህ አይፈረድበትም። የሚገርመው ሥራውን ለመስጠት የሚጠይቃት ጥያቄ አንዲት ብቻ መሆኗ ነው፤ «ካሬው ስንት ነው?»

ተቋራጩም ግቢውን በእርምጃው ለክቶ፣ ወደ ሰማይ አንጋጦ አስልቶ ዋጋውን ይናገራል። እስከዚያች ሰዓት «ወንድሜ» ሲባል የነበረው ሰው ቀብዱ አካውንቱ ሲገባ «ኢንጂነር» ይሆናል። ማዕረጉን የሚያድለው ራሱ ባለቤቱ ነው፤ ያን የሚያህል ብር ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ እንቅልፍ መተኛት ስለሚከብደው ይመስለኛል።

የዚያ አካባቢ አፈር በአብዛኛው ዋልካ ነው፤ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ መውጣት፣ በምትኩም ሰሌክት የሚሉት የተመረጠ የመሙያ አፈር በየንብርብሩ እየተጠቀጠቀ መሞላት አለበት፤ በላዩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ይደለደላል፣ ውኃው ከቤቱ እንዲሸሽ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዳፋት ይሰጠዋል፣ ዳሩም በከርብስቶን፣ በጠርዝ ድንጋይ፣ ይታሰራል። ድንጋዮቹን እርስ በርስ የሚያያይዛቸው በየክፍተቱ የሚሞላው አሸዋና ይኸው ዳር እንጂ ሲሚንቶ አይደለም። ችግሩ ይህ ሁሉ ከሥር ተቀብሮ መቅረቱ ነው። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት ቀዩና ግራጫው ሲፈራረቅ አይታ «እንዴት ያምራል!» ትላለች እንጂ ሰሌክቱን ገልጣ አታደንቅም። ስለዚህ ቤተሰቡ በቀለም ምርጫ ተኳርፎ ሲሰነብት፣ ባለቤቱ «ሰሌክቱ ይቅር፤ መሬቱ ጠንካራ ነው» ይላል፤ ኢንጂነሩም ለመስማማት ጊዜ አያጠፋም።

ጫኝና አውራጆቹን ማንም አልጠራቸውም፤ ቢሆንም ከሲኖትራኩ ቀድመው በር ላይ ይገኛሉ። አሸዋውን መኪናው ራሱ ገልብጦት ቢሄድ እንኳ የማውረጃ ይከፈላል።

መጠቅጠቂያ ማሽኑ፣ ኮምፓክተሩ፣ ዘወትር ሌላ ሳይት ላይ ነው፣ ኢንጂነሩ ደግሞ ዘወትር «መንገድ ላይ» ነው። በመካከሉ አንድ ጎረምሳ ሲባጎ ወጥሮ፣ በጎማ መዶሻ ኳ ኳ እያደረገ፣ በእውነት ለዓይን በሚያስደስት ጥንቃቄ ይደረድራል፤ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ግን ድንጋዩን በመቁረጫ ማሽን፣ በፍሌክስ፣ ቆርጦ ማስገባት ሲገባው ክፍተቱን በሲሚንቶ ይለቀልቀዋል።

ሐምሌ ይመጣል። የመኪናው ጎማ የሚያርፍበት ቦታ ሁለት ረጅም ገንዳ ይሠራል፣ ዝናቡም በተዳፋቱ አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ሳሎኑ፣ ይጓዛል። ባለቤቱ ይደውላል፤ ኢንጂነሩ ለወትሮው የማያነሳውን ስልክ በመጀመሪያው ጥሪ ያነሳል።

«ጋሼ፣ ምንም አይስጉ፤ ድንጋዩ መሬቱን እየተላመደ ነው። ካልሆነም አንስተን ደግመን እንነጥፈዋለን።»

«በነፃ ነዋ?»

«ድንጋዩ የራስዎ አይደል? እኔ የእጅ ብቻ ነው የምቀበልዎት።»

«እሺ፤ ካሬውን ስንት ትለኛለህ?»