የኋላ መብራት የሌለው ሞተር ይዛችሁ ጣርማበርን አትውረዱ

ወገኖቼ፣ የደብረ ብርሃን፣ የደብረ ሲና፣ የመንዝ፣ የአንኮበር ባለ ሞተሮች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቅር ቢላችሁም ጨርሳችሁ አንብቡት።

ሞተሩ ጭስ ሲያበዛ በማግስቱ መካኒክ ጋ ናችሁ። ሰንሰለቱ ሲላላ ታስጠብቃላችሁ፣ ዘይቱን በጊዜው ትቀይራላችሁ፣ ታንኩ ላይ የሚለጠፍ ጌጥ ለመምረጥ ደግሞ ግማሽ ቀን ሱቅ በር ላይ ትቆማላችሁ። የኋላ መብራቱ ከጠፋ ግን ክረምቱ ገብቶ ይወጣል እንጂ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ስትጠየቁ መልሱ አንድ ነው፦ «አሮጌ ሞተር እኮ ነው፣ እጄን አሳያለሁ።» በጣርማበር ጉም ውስጥ እጃችሁን ማን ነው የሚያየው?

ባለፈው ነሐሴ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሞተሬ እየወረድኩ ነበር። ያንን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የጣርማበርን ተራራ ሰንጥቆ የቆፈረው ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከጨለማው ወጣሁ ስትሉ ጉሙ አፍ ለአፍ ይገጥማችኋል። ቀስ ብዬ ነበር የምሄደው። ድንገት የአንዲት ሴት ጀርባ ፊቴ ላይ መጣ። ነጠላዋ በጉሙ ርሷል፣ ጥለቱ አረንጓዴ ነበር፣ ይሄን ሁሉ ያየሁት ፍሬኔን አንቄ ይዤ ጎማዬ እየተንሸራተተ ነው። ክንድ ሲቀረኝ ቆምኩ። በሷና በሞተራቸው ነጂ መሀል 4 ዓመት የሚሆነው ልጅ ተቀምጧል። ነጂው የቆመው በጎች ሲሻገሩ አይቶ ነው፤ በመቆሙ ጥፋት የለበትም። ግን ሲቆም ከኋላው አንድም ቀይ ነገር አልበራም። ከእኔ ኋላ ደግሞ የጫነ መኪና ሞተሩን እያስጮኸ ይወርዳል።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ መብራቱ አይሠራም» አለኝ።

ያናደደኝ ይሄ ነው። ያውቃል! እያወቀ ነው እናትና ልጅ ጭኖ የወጣው።

እስቲ አስቡት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ከኋላችሁ ያለው ሾፌር ፍሬን መያዛችሁን የሚያውቀው በቀዩ መብራት ነው። እሱ ከሌለ የሚነቃው ርቀቱ ሲጠብበት ብቻ ነው፤ ያቺን አንድ ሰከንድ እናንተ ወሰዳችሁበት ማለት ነው። የጫነ መኪና እርጥብ ቁልቁለት ላይ እንዴት እንደሚቆም ደግሞ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ደብረ ሲና ስንደርስ ሻይ ቤት ጥግ አቁመን የኋላውን ቀይ ፕላስቲክ ፈታነው። ሁለት ብሎን ነው። ውስጡ ውሃ ቋጥሯል፣ አምፖሉ የሚነካው ነሐስ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። አምፖሉ ራሱ ደህና ነው! በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነውና የኋላው መብራት በራ። ፍሬን ሲረገጥ ግን ጭጭ። ጎንበስ ብዬ የእግር ፍሬኑን ሳይ፣ ከፔዳሉ ወደ ማብሪያው የምትሄደው ቀጭን ሞላ ተነቅላ ተንጠልጥላለች። መልሰን አያያዝናት፣ የማብሪያውን ዳዶ ትንሽ አዙረን ፔዳሉ ገና ሲነካ እንዲበራ አደረግነው። አለቀ። ለዚህች ሞላ ነበር ሰው ሊሞት የነበረው።

የብዙዎቻችሁ ችግር ከዚህ አይርቅም። አሮጌ ሞተር ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማሳ፣ ማለትም የኮረንቲው መመለሻ ነው። ኮረንቲው ከባትሪ በሽቦ ይወጣል፣ የሚመለሰው ግን በሞተሩ ብረት በኩል ነው። ብረቱ ሲዝግ ወይም ቀለም ሲቀባ መመለሻ ያጣል። ፍሬን ስትይዙ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ አብሮ ከበራ አምፖል ለመግዛት አትሩጡ፣ ማሳውን ፈልጉ። ከመብራቱ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ አንድ ሽቦ በቀጥታ መሳብ ይገላግላችኋል።

አምፖሉንም እዩት። የኋላው ባለ ሁለት ክር ነው፤ ባለ 12 ቮልቱ ብዙ ጊዜ 5 ዋት ለኋላ መብራቱ፣ 21 ዋት ለፍሬኑ ነው። ጎኑ ላይ ያሉት ሁለት ጉጦች ቁመታቸው እኩል ያልሆነው ተገልብጦ እንዳይገባ ነው። በጉልበት ስትከቱት ትልቁ ክር ሁልጊዜ ይበራና ፍሬን ስትይዙ ከኋላ ያለው ሰው ምንም ለውጥ አያይም። እናንተ ግን መብራት አለኝ ብላችሁ በልበ ሙሉነት ትነዳላችሁ። ይሄ ከጨለማው ይብሳል። ሞተራችሁ ባለ 6 ቮልት ከሆነ ደግሞ አምፖሉም የ6 ይሁን።

ሽቦው ጨርሶ አርጅቶ አዲስ የምትዘረጉ ከሆነ በግምት አትሥሩት። መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ። ከፖዘቲቩ እንደወጣ ፊውዝ ይግባበት። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር የሲጋራ ብርማ ወረቀት የምትጠቀልሉ ልጆች፣ በእናታችሁ ተዉ። ፊውዙ የሚቃጠለው የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ብረት ስለነካ ነው፤ ወረቀቱ ኮረንቲውን ሲያሳልፈው የሚቃጠለው ሽቦው ነው፣ ሽቦው ደግሞ በቤንዚን ታንኩ ሥር ነው የሚያልፈው። የእጅና የእግር ፍሬኑ ማብሪያ ካላቸው ሁለቱም ይሥሩ፣ አንዱ ይበቃል አትበሉ። የፍሬቻው መንገድ ከቁልፉ ወደ ፍላሸር (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ዕቃ)፣ ከፍላሸር ወደ መሪው ማብሪያ ነው፣ ቀኝና ግራ የሚለየው እዚያ ነው። መሪው ጋ ሽቦ ስታስሩ መሪውን እስከ መጨረሻው ወዲያና ወዲህ አዙሩት፤ የተወጠረ ሽቦ ኮረኮንች ላይ አይከርምም። ከማርሚታም (ከጭስ ማውጫው) አርቁት።

መካኒኮችም ስሙ፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል። ሁለት ሽቦ በጣት ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ሥራ አይደለም። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ናስትሮው ይላቀቃል፣ ደብረ ብርሃን ዝናብ ላይ ውሃ ያስገባል። በደንብ በይዳችሁ አሽጉት። ሰው ገንዘብ ከፍሎ አምኗችሁ ነው የሚሄደው።

ኤል ኢ ዲ ፍሬቻ ገዝታችሁ «በርቶ ይቀራል፣ ብልጭ ድርግም አይልም» የምትሉም አላችሁ። አሮጌው ፍላሸር የሚሠራው አምፖሉ በሚስበው ኮረንቲ እየሞቀ ነው፤ ኤል ኢ ዲ የሚስበው ትንሽ ስለሆነ አያሞቀውም። ለኤል ኢ ዲ የሚሆን ፍላሸር አብራችሁ ግዙ፣ በቃ።

ዛሬ ሲመሽ ሞተሩን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥታችሁ አቁሙት። ቁልፉን ክፈቱ። የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ ግድግዳው ቀላ? ልቀቁት። የእግሩን እርገጡ። ቀኝ ፍሬቻ። ግራ ፍሬቻ። ነገ ከኋላችሁ የሚቀመጡትን ልጆች አጠገቡ አቁሙና «በራ፣ ጠፋ» ይበሏችሁ። አንዱን እንኳ «አልበራም» ካሏችሁ ጠዋት ያ ሞተር ከግቢ አይውጣ።