ስንት ሚሊዮን ዓመትሽ ነው?

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ። አሁን ከባንክ መመለሴ ነው።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰልፌ መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጁ መታወቂያዬን አየት አደረገና «ድንቅነሽ? የሙዚየሟ?» አለኝ። ዝም አልኩ። ወደ ጓደኛው ዞሮ «ና ሉሲ መጥታልሃለች!» የልደት ዘመን የሚለው ጋ ሲደርስ ጭራሽ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ስንት ሚሊዮን ዓመትሽ ነው? ሦስት ነጥብ ሁለት ብዬ ልሙላው?» ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ከኋላዬ የቆሙት ነጠላ የለበሱ እናት ሳይቀሩ ሳቁ! ከልጁ ይልቅ እሳቸው ናቸው ያንገበገቡኝ። የእሳቸውስ ስም ወይ ጥሩነሽ ወይ በላይነሽ መሆኑ ይቀራል?

ስማ አንተ ልጅ። ስሙ የአያቴ ነው። ከእሷ በፊት የተወለዱት ሦስቱ ክርስትና ሳይነሱ ነው የሞቱት። እሷ ሰማንያ ቀኗን ሞልታ ስትጠመቅ አባቷ አቅፏት «ድንቅ ነሽ!» አላት፤ በዚያው ስሟ ሆኖ ቀረ። የሙዚየሟ ድንቅነሽ አጥንት አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘው በኅዳር 1967 ነው፤ አያቴ ያኔ የልጅ ልጅ አይታለች። ፈረንጆቹ ካምፓቸው ውስጥ ሲያዳምጡት ከነበረ ዘፈን ወስደው ሉሲ አሏት፤ እኛ ድንቅነሽ አልናት። ያለንን ስም ሰጠናት እንጂ ከእሷ የወሰድነው ነገር የለም!

ደግሞ ስሙ የሚለውን ስሙት እስቲ። «ድንቅ ናት» አይልም፤ «ነሽ» ነው የሚለው። የሚጠራኝ ሰው ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ ይመሰክርልኛል። ለዚህ ይሆን እንዴ ሰው ሁሉ አፉ ላይ የሚከብደው? መሥሪያ ቤት «ዲኒ»፣ ፀጉር ቤት «ዲና»። ያ ሰውዬ (ታውቁታላችሁ) ለእናቱ «ዲና ትባላለች» ብሎ ያስተዋወቀኝ ቀን ነበር ቀለበቱን መመለስ የነበረብኝ። ሁለት ዓመት ቆየሁ!

ናሳ ሉሲ ያላት መንኩራኩር በጥቅምት 2016 ከማርስ ማዶ በአንድ አስትሮይድ አጠገብ አልፋለች። የአስትሮይዱ ስም ድንቅነሽ ነው! በዙሪያው የምትዞረዋን ትንሽ ጨረቃ ደግሞ ሰላም አሏት። ሰው እዚያ ድረስ ወስዶ ያከበረው ስም እኛ ሰፈር ሲደርስ የሰልፍ መሳቂያ ይሆናል።

ደከመኝ በእውነት። ሴት ልጅ ብወልድ የአያቴን ስም ነው የማወጣላት እል ነበር። ዛሬ ፈራሁላት።

አሁን ደግሞ ሻይ አፍልቼ፣ ቁጭ ብዬ ደብተሩን ስከፍተው፣ ያ ሁሉ ተስቆብኝ፣ ስሙን እንኳ አስተካክሎ አልጻፈውም። «ድንቅነህ» ይላል። ነገ በጠዋት ተመልሼ ልሰለፍ ነው።