ላለመረበሽ ብለን

ፍራንክፈርት ውስጥ ሥራዬን ያጣሁ ሰሞን ስልኬ ጭር አለ። ጀርመኖቹ ዝም ማለታቸው አልከነከነኝም። የከነከነኝ የኛው ሰው ነው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ፣ በየልደቱና በየክርስትናው ጎን ለጎን የምንቀመጥ ሰዎች ሰምተው ዝም አሉ። ቆይቶ ሳገኛቸው የሁሉም መልስ አንድ ሆነ፦ «ሰምቼ ነበር እኮ፣ ላለመረበሽ ብዬ ነው።»

ይህቺ መልስ እስካሁን ታናድደኛለች። ሰው ሥራ ሲያጣ፣ ትዳሩ ሲፈርስ፣ ወይ ሐኪም ያልጠበቀውን ነገር ሲነግረው፣ ረብሻው ቀድሞ ቤቱ ገብቷል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ኮርኒስ የሚያይ ሰው አንድ ስልክ ቢጮህለት ምን ይጎዳል?

መሥሪያ ቤቱ እንኳ የሚችለውን አድርጓል። ነገሩን በቪዲዮ አጭር ስብሰባ ነገሩኝ። ቀጥሎ ደብዳቤው በፖስታ መጣ፤ በጀርመን ሕግ ስንብት በወረቀት ሰፍሮ ካልተፈረመበት አይጸናም። ከደብዳቤው ጋር መንፈስን ስለማረጋጋት የምትመክር ቀጭን መጽሔት ነበረች። ዓይንህን ጨፍነህ በረጅሙ ተንፍስ። የተሰማህን ጻፍ። በእግርህ ዞር ዞር በል። ሁሉንም አድርጌዋለሁ፤ ክፉ ምክር አይደለም። ግን አንዱም ውስጥ ሌላ ሰው የለበትም። ተንፍሰህ፣ ጽፈህ፣ ዞረህ ስትጨርስ ያው ብቻህን ነህ።

አገሩን አልወቅስም። ኪስህን አይጥልም። የሥራ አጥ መድን ስትከፍል ከቆየህ ከተጣራ ደመወዝህ 60 ከመቶ ታገኛለህ፤ ልጅ ካለህ 67። እኛ ጋ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ እንዲህ ያለ መድን የለም። በአዋጅ 1156/2011 የስንብት ክፍያ የሚገባው ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ያገኛል፣ ለተከታዮቹ ዓመታት የዚያ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ ቢበዛ የአንድ ዓመት ደመወዝ ይደርሳል። ተቀብለህ ትወጣለህ፣ አለቀ። ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የኛው የድሬዳዋ፣ የድሬ ሰው ከኔ በላይ መሸበር ነበረበት።

አጎቴ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር። ድሬ ውስጥ የባቡር ሰው መሆን ምን ማለት እንደነበር ለናንተ አልነግርም፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ ባይደርስ ኖሮ ከዚራ የሚባል ሰፈርም አይኖርም ነበር። አሮጌው ባቡር እየደከመ ሄዶ ሲቆም አጎቴ ያጣው ደመወዙን ብቻ አልነበረም፣ ማንነቱንም ጭምር እንጂ። በ2009 አዲሱ መስመር ተመረቀ። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ዕድሜውን በናፍጣ ሞተር ላይ ለጨረሰ ሰው ማንም አልደወለም።

እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ፣ በድሮው የሥራ ሰዓት ይወጣል። ከዚራ ዛፎቹ ሥር እንደሱው ሥራ የፈቱ ባልደረቦቹ አሉ። ሻይ ይጠጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ የትኛው ሾፌር የትኛውን ዳገት እንዴት እንደወጣ ይጣሉበታል። ሙቀቱ ሲበረታ ይበተናሉ። አንድ ቀን ከቀረ በሩን ይደበድባሉ። «አቦ ምን ሆንክ? ተነሥ!» ገንዘብ እንዳለው ሳይቀር ፊት ለፊት ይጠይቁታል። አንዳንዴ ይቆጣል፣ አባሯቸውም ያውቃል። በነጋታው ይመጣሉ። ያ ሰው ሚዛኑን የጠበቀው እንዲህ ነው፤ ሰዓቱን አልለቀቀም፣ ሰዎቹም እሱን አልለቀቁትም።

በሐምሌ 1998 የድሬው ዴቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድም ያየሁት ይህንኑ ነው። በኛ ሰፈር ቤት ንብረቷን ጎርፍ የወሰደባት ሴት ብቻዋን ያደረችበትን ሌሊት አላስታውስም።

ሥራ ካጣሁ በኋላ ድሬ ስገባ ስለ ነገሩ ላለማውራት ወስኜ ነበር። አክስቴ ግን ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ከሥራ አስወጡህ አሉ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አንዷ ጎረቤት «አቦ ተወው! የኔም ልጅ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ አይደል ያገኘ?» አለች። ሌላው ጅዳ ስለተባረረ ወንድሙ ጀመረ። የሚጠጣው ሆጃ መጣ፣ ወሬው ወደ ሙቀቱና ወደ ጤፍ ዋጋ ዞረ። ወራት ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተራ የሰፈር ወሬ ሆነ። ያን ሌሊት ጠግቤ ተኛሁ።

ድሬም የሚያበዛበት ጊዜ አለ፤ አግብቶ ያልወለደ ሰው ጠይቁ። ጭንቀት የጠናበትን ሰው ሐኪም ጋ እንደ መውሰድ «ተጫወት፣ ይለቅሃል» ብሎ የሚሸኝም ሞልቷል። ይሄ ያስቆጣኛል። ቢሆንም ከሁለቱ የቱን ትመርጣለህ ብትሉኝ፣ በሬን የሚደበድበውን እመርጣለሁ።

የሚገርመኝ ውጭ ያለነው ሰዎች ነን። ፍራንክፈርት ውስጥ ለቅሶ ሲሆን እንዴት እንደምንሆን ታውቃላችሁ። ምግብ ይዘን እንሄዳለን፣ እናመሻለን፣ ሐዘንተኛውን ብቻውን አንተወውም። ታዲያ ሰው ሥራ ሲያጣ ወይ ሲፋታ ምን ነካን? የሞተ ካልኖረ አንሄድም? ያፍር ይሆናል ብለን እኛው ቀድመን አፈርንለት። ዝም ስንለው ደግሞ ነገሩ የሚያሳፍር እንደሆነ አረጋገጥንለት።

በቅርቡ አንድ የሐረር ልጅ ከመጋዘን ሥራው መቀነሱን ሰማሁ። ብዙም አንተዋወቅም። ደወልኩለት። መጀመሪያ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» አለ። ማታ ቤቱ ሄድኩ። ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እየዞረው ነው። ነገሩን ባወቀ በሦስት ቀን ውስጥ ሥራ ፈላጊ ነኝ ብሎ መመዝገብ እንዳለበት፣ ካሳለፈው የአንድ ሳምንት ክፍያ እንደሚቀርበት ማንም አልነገረውም። ሁላችንም እናውቅ ነበር። እዚያው ተቀምጠን በስልኩ ሞላነው።