እንዴት አደርክ ብሎ ጥያቄ

ዛሬ ጠዋት ገና በሬን ስከፍት፣ ጎረቤቴ እትዬ ከአጥሩ ማዶ «እንዴት አደርክ ልጄ?» አሉኝ። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ውሸቴን ነው። ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያነጋሁት። እሳቸውም ምኑን ሰምተውኝ! «ዓይንህ ቀልቷል፣ ሐሳብ አታብዛ» ብለው ገቡ።

ሐሳብ አታብዛ! ሐሳብ እንደ በርበሬ በማንኪያ የሚጨመር ይመስል። ይህን ምክር ሰምቶ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ካለ ያሳዩኝ።

ሕክምና የምትማረው የእህቴ ልጅ ነገሩን አስረድታኛለች። ሳናዛቸው የሚሠሩ ሁለት የነርቭ ክፍሎች አሉን። ሲምፓቴቲክ የሚባለው ለጠብ ወይም ለሽሽት ያስታጥቃል፤ ልብ ያስሮጣል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ፓራሲምፓቴቲክ ደግሞ ልብን ያረጋጋል። ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሥልጣኑ የሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው አልወርድም ካለ፣ ዓይን ቢከደንም ሰውነት ዘብ ቆሞ ያድራል። በዚያ ላይ ቡና አለ። አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል «ደክሞሃል፣ ተኛ» ባይ ንጥረ ነገር አለ፤ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን በሩን ይዘጋበታል። 11 ሰዓት ላይ የጠጡት ቡና ካፌይኑ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ግማሹ ገና ሰውነት ውስጥ ነው።

«እንግዲያው የማታውን ቡና ተው» አለችኝ። ልጅ ናት። ጅማ ተቀምጬ፣ እትዬ «ቡና ደርሷል» ብለው ልጅ ሲልኩ «ነርቬ አልፈቀደም» ልበል? አቦል ጠጥቶ ከቶና በፊት መነሳት እንኳ ያስወቅሳል። በረካን ጥሎ መሄድማ አይነሳ።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምትለዋን ተረት በጣም እወዳታለሁ። እናቴ ከአፏ አትለያትም ነበር። ግን ተረቷ ስለ ዕቃ ውሰት ትንፍሽ አትልም። የሩቅ ዘመድ እኮ በርጩማ አይዋስም!

አዎ፣ በርጩማ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች፣ ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ። የእትዬ ልጅ ሽማግሌ ሲላክላት «ለአንድ ቀን» ተብላ ሄደች። ሰባት ዓመቷ። ልጅቱ አገባች፣ ወለደች፤ የወለደችውም ቁጭ ብሎባት ፊደል ቆጠረ። እኔም ቡና በተጠራሁ ቁጥር በክብር የምቀመጠው እሷው ላይ ነው። «ተቀመጥ፣ እንደ ቤትህ» ይሉኛል። እንደ ቤቴ! በገዛ በርጩማዬ!

ታዲያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ተጋድሜ «እትዬ፣ ያቺ በርጩማ…» እያልኩ እለማመዳለሁ። ልቤ ድው ድው ይላል። ነርቭ አንበሳና በርጩማ አይለይም። አፍ አውጥቶ መጠየቅ ያቃተው ሰው፣ ቡናውን ቢተው ምን ሊረባው?

ለነገሩ የተነሳሁት «እንዴት አደርክ» ስለምትለዋ ጥያቄ ላወራ ነበር። መልስ ካልፈለጉ ምን አስጠየቃቸው? ነገ ቁርጡን እነግራቸዋለሁ፤ «አልተኛሁም፣ ምክንያቱም…»

በሩ ተንኳኳ። የልጅ ልጃቸው ነው።

«ቡና ደርሷል ብላለች እማማ። ሰው ስለበዛ መቀመጫ ካለህ ይዘህ ና።»

አንዲት ቀርታኛለች።