ባንዱስ ማን ነበር?

ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ከፉትስክሬይ ወደ ሜልቦርን መሐል ከተማ የሚወስደው ባቡር ከወትሮው በተለየ ሁኔታ ጥቁር ካናቴራ በለበሱ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንቶች፣ ጎልማሳ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያለበት ልብስ ለብሰው፣ አንዳንዶቹም ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት ቀንድ በራሳቸው ላይ አድርገው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ሁሉ እንደ ዘመድ ያወሩ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናታችን ቀንዱን ሲያዩ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው አማተቡ፤ አልፈረድኩባቸውም፤ ሃርድ ሮክ የሚባለው ሙዚቃ በየቤታችን ከጩኸትና ከሰይጣን ጋር እየተያያዘ ሲነገር ሰምተን ነው ያደግነው። እኔን ያን ቀን የነካኝ ግን ቀንዱም ጩኸቱም አልነበረም። አንድ አያት ለአሥር ዓመት እምብዛም ላልሞላት የልጅ ልጃቸው የባንዱን አባላት በሙሉ፣ ማን በማን እግር እንደተተካና ማን በየትኛው ዓመት እንዳረፈ እየነገሯት ሳለ፣ እርሷ አንዱን ዓመት አርማ ስትነግራቸው ሰማሁ። አያትየውም ደስ ብሏቸው ግንባሯን ሳሟት።

ባንዱ ኤሲ ዲሲ የተባለው የአውስትራሊያ የሃርድ ሮክ ባንድ ነው። የዚያን ዕለት ማታ በሜልቦርን ክሪኬት ሜዳ ሊጫወት ቀጠሮ ይዞ ነበር። የመድረኩ ድምቀት የሆነው ጊታር ተጫዋች አንገስ ያንግ ያኔ 70 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ድምፃዊው ብራያን ጆንሰን ደግሞ 78። ከኮንሰርቱ አስቀድሞ በፌደሬሽን አደባባይ 374 ሰዎች ባግፓይፕ የሚባለውን የስኮትላንድ የትንፋሽ መሣሪያ ታቅፈው ተሰለፉና የባንዱን አንድ ዘፈን በአንድነት ነፉ፤ ቀድሞ በቡልጋሪያ በ333 ነፊዎች የተያዘውን የዓለም ክብረ ወሰንም በዚያው ሰበሩ። ቦታው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1976 ባንዱ ይህንኑ ዘፈን እየተጫወተ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ሆኖ ከአደባባዩ አጠገብ በሚያልፈው በስዋንስተን ጎዳና ሲጓዝ ተቀርጾ ነበር። ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት አንድ መኪና በአንድ መንገድ ላይ ስላለፈ ሕዝብ ተሰብስቦ ያንን ቀን ያስባል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የምወደው ባንድ የቱ መንገድ ላይ፣ በየትኛው ቀን፣ ምን እንደተጫወተ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ምን ያህል ደስ ባለኝ!

ይህ ባንድ የስደተኛ ልጆች ባንድ መሆኑንም ልብ ማለት ይገባል። ማልኮምና አንገስ ያንግ የተወለዱት በስኮትላንድ ግላስጎው ነው፤ ቤተሰባቸው ወደ ሲድኒ የተሰደደው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን ባንዱን በ1973 መሠረቱ። ስሙን እንኳ ያገኙት ታላቅ እህታቸው ማርጋሬት በቤት ውስጥ በሚገኝ የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ካየችው ጽሑፍ ነው፤ አንገስ መድረክ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እንዲለብስ ሐሳቡን ያመጣችውም እርሷ ናት። የቀድሞው ድምፃዊ ቦን ስኮትም ከስኮትላንድ በልጅነቱ የመጣ ሲሆን፣ በፍሪማንትል ከተማ በስደተኞች የባግፓይፕ ጓድ ውስጥ ከበሮ ይመታ ነበር። ስለዚህ ያ ለፈረንጅ ሮክ እንግዳ የሚመስለው የባግፓይፕ ድምፅ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሰዎቹ ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ነው። ዛሬ በፉትስክሬይ ክራርና ከበሮ የሚማሩ ልጆቻችንን ሳይ ይህ ነገር ወደ ልቤ ይመጣል።

የሥራ ባልደረባዬ የነበረና አሁን ጡረታ የወጣ አንድ የዚህ አገር ሰው ከዚያ ሳምንት በኋላ ቤቱ ጋብዞኝ የመኪና ማቆሚያውን አሳየኝ። መኪና የለበትም። በግድግዳው ላይ ሸክላዎቹ በዓመታቸው ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። በአንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የቲኬት ቁራጮች እያንዳንዳቸው በላስቲክ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ በየጀርባቸውም ከማን ጋር እንደሄደ፣ ዝናብ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ፣ ባንዱ በየትኛው ዘፈን እንደጀመረ በእርሳስ ተጽፏል። አንደኛው ቲኬት ጀርባ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የሟች ባለቤቱ ነው። በአንገቱ ዙሪያ ሦስት ጊዜ የተጣፈ ካናቴራ አውጥቶ እንደ አክሱም ዕንቁ በሁለት እጁ ያዘልኝ። ማርክ ኢቫንስ ቤዝ ጊታሩን ለክሊፍ ዊሊያምስ የለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1977 መሆኑን፣ ፊል ራድ ከበሮውን ሲመታ ለምን ምንም ትርፍ ነገር እንደማይጨምር፣ የማልኮም ጊታር ድምፅ ባይኖር የአንገስ ጩኸት መቆሚያ እንደማያገኝ በእርጋታ አስረዳኝ። የሙዚቃ ባለሙያ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ የትራም ሹፌር ነበር።

ከነገረኝ ሁሉ ያልረሳሁት ስለ ሐዘናቸው ያወራው ነው። ቦን ስኮት እ.ኤ.አ. የካቲት 19 ቀን 1980 ለንደን ውስጥ ሞተ። ባንዱ ይበተናል ተብሎ ሲጠበቅ፣ የሟቹ ወላጆች ጭምር እንዲቀጥሉ አበረታተዋቸው፣ ብራያን ጆንሰንን አስገብተው በባሃማስ ደሴት የተቀረጸውን ባክ ኢን ብላክ የተባለውን አልበም በዚያው ዓመት ሐምሌ 25 ቀን አወጡ። ሽፋኑ ጥቁር ነው፤ ሥዕል የለበትም፤ ሸክላው የሚጀምረውም በቀስታ በሚደወል የደወል ድምፅ ነው። ጥቁር ለብሶ ማዘንን ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አልበሙ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ቅጂ ከተሸጠላቸው አልበሞች አንዱ ሆነ፤ ባልደረባዬ ግን ስለ ሽያጩ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እርሱ የነገረኝ ሸክላውን ገዝቶ ቤት ሲገባ ለሁለት ቀን ያህል ሳይከፍተው እንደቆየ፣ አዲሱን ድምፃዊ መውደድ ሟቹን መክዳት እንደመሰለው ነው። ከ45 ዓመት በኋላም "ቦን ወይስ ብራያን" የሚለው ክርክር በአድናቂዎቹ መካከል አላለቀም፤ ሲከራከሩ ግን ሁለቱንም በስማቸው እየጠሩ ነው። ማልኮም የመርሳት ሕመም ይዞት እ.ኤ.አ. በ2014 ሲለቅ የወንድሙ ልጅ ስቲቪ ተተካ፤ በ2017 ሲሞትም ያንን ምት ከኋላ ሆኖ ይይዝ የነበረውን ሰው፣ ግንባር ቀደም ያልሆነውን ሰው፣ አድናቂዎቹ እንደ ድምፃዊ አለቀሱለት።

ከተሞቹም ይህን ፍቅር ሰምተዋል። የሜልቦርን ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 አንዲትን ጠባብ መተላለፊያ በባንዱ ስም ሰይሟል፤ ሰሌዳዋን አድናቂዎች እየነቀሉ መውሰዳቸው ምክር ቤቱን አስቸግሮታል። በፍሪማንትል የቦን ስኮት ሐውልት በዓሣ አጥማጆች ወደብ ቆሟል፤ መቃብሩም የሚጎበኝ ነው። በስኮትላንድ በልጅነቱ በኖረባት በትንሿ ኪሪሚር በየዓመቱ ለመታሰቢያው የሙዚቃ በዓል ይደረጋል። ፐርዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 መጀመሪያ ላይ ካኒንግ የተባለውን አውራ ጎዳና ለ10 ኪሎ ሜትር ያህል ለመኪና ዘግታ፣ የባንዱን ዘፈኖች በጭነት መኪና ላይ ሆነው የሚጫወቱ ሙዚቀኞችን በሕዝብ መካከል አሳልፋለች።

እኛስ? ፍቅሩ አንሶን አይደለም፤ በዚህ ማንም እንዲጠራጠር አልፈልግም። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ምክንያት ሰው ሆቴል ውስጥ ገብቶ እስኪነጋ የጨፈረው በዋልያስ፣ በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ፣ በዳህላክና በኢትዮ ስታር ባንድ ነው። ካሴቱ ሲላላ በእርሳስ እያጠነጠንን፣ ሲበጠስ በፕላስተር እየቀጠልን ያዳመጥን ሕዝብ ነን። ነገር ግን ያንን ካሴት አውጡና ልባሱን ተመልከቱ። የድምፃዊው ፎቶ አለ፤ የሙዚቃ ቤቱ ስልክ ቁጥር አለ፤ ቢበዛ የባንዱ ስም አለ። ቤዝ ጊታሩን ማን ተጫወተ? ሳክስፎኑን ማን ነፋ? የት ተቀረጸ? በስንት ዓመተ ምሕረት? አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለም። የጥላሁንን ወይም የማሕሙድን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ የሚወጣ ሰው፣ መግቢያውን የሚጫወተውን ጊታር በአፉ እያንጎራጎረ፣ የጊታር ተጫዋቹ ሰላም ሥዩም ይሁን ሌላ ሰው አይጠይቅም። ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ ጊታሩ የስንቱን ድምፃዊ ሥራ እንደተሸከመ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ባልደረባዬ "የእናንተስ ባንድ ማን ነው?" ብሎ ሲጠይቀኝ ዋልያስን አሰማሁት፤ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋኑን ሲጀምር ወንበሩን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋ። ከዚያም ጥያቄዎቹ ተከታተሉ፤ ቤዙ ማን ነው፣ ድራሙ ማን ነው፣ የት ይጫወቱ ነበር? መላኬ ገብሬ፣ ተማረ ሐረጉ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ በሂልተን ሆቴል እያልኩ መለስኩለት። ስመልስ ግን ውስጤን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከወገኔ አፍ ሳይሆን የውጭ ሰዎች ሸክላውን እንደገና ሲያሳትሙ በልባሱ ላይ ከጻፉት ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባወጣው ተከታታይ የአልበሞች ስብስብ የሸክላችንን ዘመን ባይሰበስብልን ኖሮ ምን እንቀር ነበር? ኃይሉ መርጊያ ራሱ፣ ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካን ከጎበኘ በኋላ እዚያው ቀርቶ፣ በዋሽንግተን ለዓመታት ታክሲ ነዳ። በዚያ ከተማ የሐበሻ ቁጥር ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ታክሲው ውስጥ ስንት ወገኑ ተሳፍሮ ሳያውቀው ወርዷል! ደንበኛ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ የነበረውን ሰው ወደ መድረክ የመለሰው፣ ባሕር ዳር ላይ ካሴቱን ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመው አንድ አሜሪካዊ አድናቂ ነው። ያ ካሴት ባሕር ዳር በሱቅ መደርደሪያ ላይ ለሁላችንም ተቀምጦ ነበር።

እዚህ ላይ ንዴቴን መደበቅ አልችልም። በዚህ ዓመት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ኮንሰርት ፖስተር ላይ የድምፃዊው ፎቶ፣ የእንጀራ አከፋፋዩ፣ የገንዘብ ላኪው፣ የአዳራሹና የፀጉር ቤቱ ስም ሁሉ ነበረ፤ የሚያጅቡት ሙዚቀኞች ስም አልነበረም። በሦስት ሰዓት ይጀመራል የተባለው ድግስ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሲጀመር፣ አዘጋጁ ለስፖንሰሮች አንድ በአንድ ምስጋና አቀረበ፤ ድምፃዊውም የመጡትን ሁሉ አመሰገነ፤ ኪቦርዱ ላይ የተቀመጡት፣ ፀጉራቸው የሸበተው ሰው ግን አራት ሰዓት ሙሉ ሲጫወቱ አንድ ጊዜ እንኳ በስማቸው አልተጠሩም። እኚህ ሰው በልጅነቴ በቴሌቪዥን የማውቃቸው ናቸው። ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ጠጋ ብዬ "ጋሼ፣ ስምዎን እንኳ አልጠሩም እኮ" ብላቸው፣ "የኔ ልጅ፣ ይሄ የቆየ ነው፤ እኛ ለምደነዋል" አሉኝና የኪቦርዱን ገመድ በክርናቸው ላይ ሲጠመጥሙ ቀሩ። ቲኬቱ ርካሽ አልነበረም፤ ውድ ቲኬት ቆርጬ የገባሁት ደግሞ ለእርሳቸው ጭምር ነው። ሕዝቡ "ባንዱስ?" ብሎ ቢጮህ ኖሮ አዘጋጁ ስማቸውን ለመጥራት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።

የኛን ታሪክ ከአውስትራሊያ ጋር ማነጻጸር ፍትሐዊ አይደለም የሚሉኝ አሉ፤ እውነት አላቸው። እነርሱ ሰዓት እላፊ አልነበረባቸውም፤ ባንዳቸው ለጉብኝት ወጥቶ ግማሹ በስደት አልቀረም፤ አልበሙ ሲሸጥ ድርሻቸውን የሚያስከብር ሕግ ነበራቸው። ይሁን እንጂ ባልደረባዬ በቲኬቱ ጀርባ የጻፈበት እርሳስ ምንም አላስወጣውም። አድናቂው የሚችለውን አደረገ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ዛሬም ቢሆን አልመሸም። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያ አልበሙን በአሜሪካዊው የሙዚቃ ባለሙያ በቢል ላስዌል አዘጋጅነት ሲያወጣ፣ ሮክ ጊታርን ከኛ ቅኝት ጋር ያዋሐዱትን ወጣቶች በየስማቸው የሚያውቋቸው አድናቂዎች አፍርቶ ነበር፤ ያ ትውልድ ያየውን ገና ሳይረሳ ይጻፈው።

በሂልተን፣ በጊዮንና በራስ ሆቴል እስኪነጋ የጨፈራችሁ ታላላቆቻችን በየአገሩ አላችሁ፤ ሜልቦርን ውስጥ እንኳ ጥቂቶቻችሁን አውቃለሁ። ያን ሌሊት መድረክ ላይ ማን ነበረ? ድራሙ ጋር የተቀመጠው ማን ይባል ነበር? ቅዳሜ ነበር ወይስ ዓርብ? ከማን ጋር ሄዳችሁ? ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ሲቀመጡ ስም በስም ንገሯቸው፤ በካሴቱ ልባስ ላይም በእርሳስ ቢሆን ጻፉበት። ለሚቀጥለው እንቁጣጣሽ አዘጋጅ የሆናችሁም፣ ከእንጀራ አከፋፋዩ ስም በላይ የኪቦርዱን፣ የቤዙን፣ የድራሙንና የሳክስፎኑን ተጫዋቾች ሙሉ ስም በፖስተሩ ላይ አስገቡልን።