ጠያቂውን ምቀኛ አትበሉት

የሐዋሳ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። አንድ የስፖርት ጋዜጠኛ በሬዲዮ ስለ አበረታች ቅመም ሲያነሳ ስልኩ በስድብ ይጨናነቃል። «ምቀኛ!» «የአገር ገጽታ አበላሽ!» «ማን ከፍሎህ ነው?» ጥያቄውን የሚመልስ ደዋይ ግን የለም። ካፌ ቁጭ ብለን የምናሞግሰው አትሌቱን ከመላእክት ተርታ የሚያሰልፈውን ነው። ተዉ፣ ይህ ደግ አይደለም።

እኛ የሳይክል ከተማ ሰዎች ነን። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ልጁም አዋቂውም ፔዳል ይመታል። እንግዲያው በብስክሌት ዓለም የሆነውን እንይ።

በፈረንጆቹ ሐምሌ 1998 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ታላቁ የብስክሌት ውድድር ቱር ዴ ፍራንስ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የፌስቲና ብስክሌት ቡድን ማሳጅ ባለሙያ በቤልጂየምና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ተያዘ። መኪናው ውስጥ ቀይ የደም ሴል የሚያበዛው ኢፒኦና ሌላም ብዙ የተከለከለ መድኃኒት ተገኘ። ቡድኑ ከውድድሩ ተባረረ። በዓመቱ ከካንሰር የተነሳው አሜሪካዊ ብስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግ ቱሩን አሸነፈ። እንዲህ ያለ ታሪክ ማን ይጠላል? አብዛኛው ጋዜጠኛ አጨበጨበ።

የእንግሊዙ ጋዜጣ የሰንደይ ታይምስ ጸሐፊ ዴቪድ ዋልሽ ግን ጠየቀ። የአርምስትሮንግ ቡድን ማሳጅ ባለሙያ የነበረችውን ኤማ ኦራይሊን አነጋገረ። አርምስትሮንግ በ1999ኙ የቱር ምርመራ ኮርቲኮስቴሮይድ የተባለ ያለ ሐኪም ማዘዣ የተከለከለ መድኃኒት ሲገኝበት፣ ቀኑ ወደ ኋላ የተጻፈ የሐኪም ማዘዣ እንደተዘጋጀለት ነገረችው። ሰበቡ የመቀመጫ ቁስል ቅባት ነበር። አርምስትሮንግ እሷንም ጋዜጣውንም ከሰሰ። ጋዜጣው በ2006 300,000 ፓውንድ ከፍሎ ታረቀ። እውነቱን የያዘው ወገን ከፋይ ሆነ! በ2005 ሌኪፕ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ በ1999 ናሙናዎቹ ውስጥ ኢፒኦ መገኘቱን ሲያወጣም፣ ሰውየው ሽምጥጥ አድርጎ ካደ።

በ2012 የአሜሪካ ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ የ26 ሰዎችን ምስክርነት ይዞ ቀረበ። 11ዱ የገዛ ቡድን ጓደኞቹ ነበሩ። ሰባቱንም የቱር ድሎች ተነጠቀ፤ በጥር 2013 በቴሌቪዥን አቅራቢዋ ኦፕራ ዊንፍሬይ ፊት አመነ። እስከዚያ ድረስ «ስንቴ ተመርምሬ ነፃ ወጣሁ» እያለ ነው የኖረው። ላብራቶሪው ያልጣለውን፣ ሰዎች ተናግረው ጣሉት። ሰው የሚናገረው ደግሞ የሚሰማው ሲያገኝ ነው። እኛ ግን ሰሚውን አፉን እያስያዝነው ነው።

«ይህ የፈረንጅ ችግር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ከኢትዮጵያም በኢፒኦ የታገዱ ሯጮች አሉ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብንል የሚቀር ነገር የለም። ኤርትራዊው ብስክሌተኛ ቢንያም ግርማይ በ2024ቱ ቱር ዴ ፍራንስ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ሲለብስ እንደ ራሳችን ልጅ ደስ ብሎናል። ያ ደስታ ሙሉ የሆነው ያ ስፖርት ከስንት ውርደት በኋላ ራሱን መመርመር ስለጀመረ ነው። የብስክሌተኞች የደም ሁኔታ ከ2008 ጀምሮ በባዮሎጂካል ፓስፖርት ይመዘገባል። ጥያቄ ድልን አይቀንስም፤ ንጹሑን ከሐሜት ያድነዋል።

ኢፒኦ ምን እንደሆነም እንወቅ። ቀይ የደም ሴል ያበዛል፣ ደሙን ያወፍረዋል፣ ልብን ለአደጋ ያጋልጣል። መድኃኒትነቱ ኩላሊታቸው ደክሞ ደም ላነሳቸው ሕሙማን ነው። ለዳያሊሲስ በሞንታርቦ የሚለመንላቸውን ሰዎች በየመንገዱ እናያለን። እነሱ ያጡትን መድኃኒት ጤነኛ ጎረምሳ ለሜዳሊያ ሲወጋው ዝም የሚል ሕሊና ሊኖረን አይገባም።

ጋዜጠኞችም አላመለጣችሁም። ከቡድኑ ጋር በአንድ አውሮፕላን ሄዶ፣ በቡድኑ አበል በልቶ፣ ተመልሶ ውዳሴ ብቻ ማንበብ ሥራ አይደለም።

ጠዋት ታቦር ተራራ ሥር ልጆቻችሁ ላብ በላብ ሆነው ሲሮጡ የምታዩ ወላጆች፣ ቦርሳቸውን አንድ ቀን ክፈቱት። ጽሑፉ የተላጠ ብልቃጥ ወይም መርፌ ካገኛችሁ አሠልጣኙን «ይህ ምንድነው?» በሉት። አላውቅም ካለ ወይም ከተቆጣ፣ ብልቃጡን ሳትጥሉ ለኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን አሳውቁ። ጋዜጠኛ መጥቶ ከጠየቃችሁም ያያችሁትን ንገሩት። እናንተ ደዋዮችም በሚቀጥለው ፕሮግራም ሰውየው ጥያቄውን እስኪጨርስ ስልኩን አስቀምጡ።